ስለ ዕዳ ደብዳቤ ነገር

በጀልዴሳ ለልቅሶ ተቀምጠን ሳለ የሰማሁት ቃል ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ግድ አለኝ። የሞተችው ሕፃን ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፥ ማለት ክርስትና ሳትነሣ ያረፈች ናት። ሊያጽናና የመጣው ሰባኪ፥ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ አዳምና ሔዋን ለዲያብሎስ የሰጡትን የዕዳ ደብዳቤ ነገር አሳምሮ ተረከ። ሲፈጽም ግን፤ ጌታ ዋጋችንን ለዲያብሎስ ከፍሎ አስለቀቀን፤ ያልተጠመቀ ሁሉ ገና በዕዳው ላይ ነው፤ አለ። እናቲቱ ይህን በሰማች ጊዜ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። እኔም ዝም አልሁ፤ ልቅሶ ቤት የክርክር ጉባኤ አይደለምና። ዛሬ ግን ዝም ማለት የሚገባ አልመሰለኝም።

ታሪኩን አንባቢ ከጥምቀት ስብከት ያውቀዋል። አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ዲያብሎስ መከራ አጸናባቸው፤ ባሪያና ገረድ መሆናችሁን ብትጽፉልኝ አቀልላችኋለሁ አላቸው፤ ጻፉለትም። እርሱም ጽሕፈቱን በሁለት ድንጋይ ቀርጾ አንዱን በዮርዳኖስ፥ አንዱን በሲኦል አኖረው። ጌታም የዮርዳኖሱን ሲጠመቅ ረግጦ አቀለጠው፤ የሲኦሉን ነፍሳትን ሊያወጣ በወረደ ጊዜ አጠፋው። የነገሩ ሥር በቆላስይስ መልእክት 2ኛ ምዕራፍ ያለው የዕዳ ጽሕፈት ነው። ይህን ታሪክ የያዝን እኛ ብቻ አይደለንም፤ አርመኖችም ስላቮችም በየመልኩ ይተርኩታል፤ ሚካኤል ስቶን የተባለ የኢየሩሳሌም ሊቅ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስለዚሁ ብቻ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል።

እንግዲህ ታሪኩን እንደ ድርሰት እንመርምረው። በታሪኩ ውስጥ ከፋይ ማን ነው? ማንም የለም። ድንጋዩ ይረገጣል፥ ይቀልጣል፥ ይጠፋል እንጂ ስለ ድንጋዩ አንዲት ነገር ተቈጥራ ለባለ ደብዳቤው አልተሰጠችም። ደብዳቤው ራሱ በማታለልና በማስጨነቅ የተወሰደ ነው፤ እንዲህ ያለውን ውል የትኛው ዳኛ ያጸናዋል? ሰባኪው ታሪኩን በትክክል ተርኮ ሳለ ታሪኩ ያላለውን ደመደመ። በቅኔ ቤት ይህ ስሕተት የታወቀ ነው፤ ሰሙን ወርቅ ማድረግ ይባላል። ዕዳው ሰም ነው፤ ወርቁ የባርነቱ መፍረስ ነው።

የተቀመጥንበት ስፍራ ራሱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ከድሬ ዳዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ጀልዴሳ የዘይላ መንገድ ኬላ ነበረች። ከባሕር የመጣው ሲራራ የግመሉን ጭነት እዚያ አራግፎ ወደ ሐረር ተራራ በበቅሎና በአህያ ይወጣ ነበር። ግብፆች በ1868 ዓ፡ም፡ ሐረርን በያዙ ጊዜ በዚያ ዘበኛ አኖሩ፤ እነርሱ በ1877 ዓ፡ም፡ ለቀቁ፤ ምኒልክ በ1879 ዓ፡ም፡ ሐረርን ከያዙ በኋላ ኬላው የኢትዮጵያ ሆነ፤ በ1895 ዓ፡ም፡ ባቡር ድሬ ዳዋ ሲደርስ ደግሞ ንግዱ መንገዱን ቀይሮ ኬላው ባዶ ቀረ። በኬላ የተቀመጠ ሰው መንገደኛውን ያስቆማል፥ ያስጨንቃል፤ ይሁን እንጂ የጭነቱ ባለቤት አይደለም። ዲያብሎስንም ከዚህ በላይ ሹመት ልንሰጠው አይገባም።

ነገር ግን ለሰባኪው ፍርድ ሳናጐድል እንናገር፤ እንዲህ ያሉ ታላላቅ አባቶች ነበሩና። አርጌንስ ቤዛው ለዲያብሎስ ተሰጠ ወደ ማለት አዘንብሏል። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም፤ ሰው በፈቃዱ ራሱን ሸጧልና እግዚአብሔር በግፍ ሊነጥቀው አልወደደም፥ በዋጋ ገዛው፤ መለኮትም በሥጋ ውስጥ እንደ መንጠቆ ተሰውሮ ዋጪውን ያዘው፤ ይላል። ይህ ቃል የአምላክን ፍትሕ ለመጠበቅ የተነገረ ነው፥ አይናቅም። ለዚህ መልስ የሰጠ ግን የገዛ ወንድሙ የባስልዮስ ወዳጅ የነበረው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ነው። በፋሲካ ድርሳኑ ይጠይቃል፤ ደሙ ለማን ቀረበ? ለወንበዴው ከሆነ፥ ወንበዴ እግዚአብሔርን ራሱን ደመወዝ አድርጎ መቀበሉ ታላቅ ነውር ነው። ለአብ ከሆነም የያዘን አብ አልነበረም፤ ይስሐቅንም ያልተቀበለ አባት በአንድያ ልጁ ደም እንደምን ደስ ይለዋል? አብ የተቀበለው ፈልጎ ወይም ተቸግሮ ሳይሆን ሰው በአምላክ ሰው መሆን ይቀደስ ዘንድ ነው ብሎ ነገሩን በዝምታ ያከብረዋል። እኔ ከሁለቱ ጎርጎርዮሶች የኋለኛውን እመርጣለሁ።

አትናቴዎስ ደግሞ ስለ ቃል ሰው መሆን በጻፈው መጽሐፍ የዕዳን ቃል ባይተውም የበሽታውን ሥር ያሳያል። በደል ብቻ ቢሆን ንስሓ በበቃ ነበር፤ ነገር ግን ጥፋትና ሞት በባሕርያችን ገቡ። ሥዕሉ የደበዘዘ ሰሌዳ አይጣልም፤ ባለ መልኩ ራሱ መጥቶ በዚያው ሰሌዳ ይታደሳል። በዚህ ምሳሌ ውስጥ አበዳሪ የለም፤ ሠዓሊና ሰሌዳ ብቻ አሉ።

ታዲያ ያች ሕፃን በዕዳ ሞተች የሚለው ከወዴት መጣ? ከምዕራብ ነው። በሮሜ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ 12ኛው ቍጥር ላይ የላቲን ተርጓሚ፤ ሁሉ በእርሱ፥ ማለት በአዳም፥ በደሉ የሚል አስመሰለው፤ የግሪኩ ቃል ግን፤ ሁሉ ስለ በደሉ ተብሎ ይተረጐማል። አውግስጢኖስ በላቲኑ ላይ ተመሥርቶ የአዳም በደል ራሱ በልጁ ላይ ይቈጠራል አለ፤ ሳይጠመቁ ለሞቱ ሕፃናትም ቀላልም ቢሆን ፍርድ አለባቸው እስከ ማለት ደረሰ። ሊቅነቱን አልክድም፤ ስለ ጸጋ የጻፈውም ብዙ የሚጠቅም አለበት። ዳሩ ግን ያው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ፥ የመንጠቆው ባለቤት፥ ያለ ጊዜያቸው ስለሚሞቱ ሕፃናት ለብቻው በጻፈው ድርሳን ክፋትን ያልቀመሰች ነፍስ እንደ በሽተኛ አትቀጣም፤ በአቅሟ ከሕይወት ትሳተፋለች ይላል። ጥምቀት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የአርባና የሰማንያ ቀን ሥርዐታችን የጸና ነው። እግዚአብሔር ግን በሰማንያ ቀን አልታሰረም።

ስለ ቤዛ ቃል ጥቂት ልጨምር። ቃሉ ከግእዙ ቤዘወ የወጣ ነው፥ ዋጋም ምትክም ያሰማል። በአማርኛ ለአገሩ የወደቀውን ወታደር ለአገሩ ቤዛ ሆነ እንላለን፤ ደሙ ለጠላት ተከፈለ ግን አንልም። እናትም ለታመመ ልጇ ቤዛ ልሁንህ ስትል ተቀባዩ ማን ነው ብሎ የጠየቃት የለም። በወንጌል ማርቆስ 10ኛ ምዕራፍ ያለውን ቃል የአገራችን ጆሮ የሚሰማው እንዲህ ነው፤ ሰባኪዎቻችንም የእናቶቻቸውን አማርኛ ቢያስታውሱ መልካም ነበር።

ከልቅሶው በኋላ ወደ ድሬ ዳዋ ስመለስ እናቲቱ እስከ መንገድ ሸኘችኝና፤ የኔታ፥ ያ ድንጋይ አሁንም በዮርዳኖስ አለ? አለችኝ። የለም ልጄ፥ ቀልጧል፤ አልኋት። እንግዲያስ የልጄ ስም ከምን ላይ ተጽፎ ይገኛል? አለችኝ።