ሳይቀሰቅሱ መለካት

የፕላትሌት ሥራው ሲነካ ማወቅ ነው። የተቆረጠ የደም ሥር ሲያገኝ ቅርጹን ይለውጣል፣ ይጣበቃል፣ መሰሎቹን ይጠራል። ችግሩ፣ በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብም፣ ሲንቀጠቀጥም፣ ሲበርደውም ይህንኑ ማድረጉ ነው። ስለዚህ በከረጢት የቆየ ፕላትሌት ምን ያህል እንደነቃ ልለካ ስነሣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የገዛ እጄን ነው።

የምንፈልገው ምልክት ፒ-ሴሌክቲን ወይም በሙያው አጠራር ሲዲ62ፒ ነው። ፕላትሌቱ እስኪነቃ ድረስ አልፋ ግራኑል በተባሉት ጎተራዎቹ ተደብቆ ይኖራል፤ ሲነቃ ገጹ ላይ ይወጣል። የሚያበራ ቀለም ያለው አንቲቦዲ ይይዘዋል፣ ሌዘር ያበራዋል፣ ፍሎው ሳይቶሜትር የተባለው ማሽን ይቆጥራል። ሲዲ41 ወይም ሲዲ61ም አብሮ ይጨመራል፤ ሁለት ሦስት ማይክሮሜትር የሚያህል ነገር በመጠኑ ብቻ ከብናኝ አይለይማ።

ብዙዎቻችን ፍሎው ሳይቶሜትሪን የተዋወቅነው የኤችአይቪ ሕሙማንን ሲዲ4 ስንቆጥር፣ በፋክስካውንት ማሽን ነው። በዚያ የሠለጠነ እጅ እዚህ ልማዱን መተው አለበት። እዚያ ቱቦውን ቮርቴክስ ላይ እናደርግ ነበር፤ እዚህ ነውር ነው። ሴንትሪፊውጅ አድርጎ ማጠብም ቢቀር ይሻላል። ናሙናው በበፈር ይቀጥናል፣ ከአንቲቦዲው ጋር ጨለማ ውስጥ ሳይነቃነቅ ይቆያል፣ ከዚያ በ1 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ባለበት ይገታል። ከጎኑ አንድ ቱቦ ትራፕ በተባለ ፔፕታይድ ሆን ተብሎ ይቀሰቀሳል። እኔ ከሁሉ የማከብረው ይህን ቱቦ ነው፤ የነቃው ስንት እንደሆነ ሳይሆን ገና መንቃት የሚችለው ስንት እንደቀረ የሚነግረኝ እሱ ነዋ።

የደም ባንክ መመሪያ ፕላትሌት በክፍል ሙቀት፣ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሳያቋርጥ በዝግታ እየተናጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ቀን ይቀመጥ ይላል። እኔ የሉማሜ ልጅ ነኝ፤ በሐምሌ ሌሊት የሉማሜ ክፍል 20 ዲግሪ አይደርስም። ከአዲስ አበባ የተነሣ ከረጢት ደግሞ መጀመሪያ ዓባይ በረሃ ወርዶ ይሞቃል፣ ደጀን ወጥቶ ሉማሜ ሲደርስ ይበርደዋል። ማስቀመጫው በረሃው ላይ ማቀዝቀዝ፣ ደጋው ላይ ማሞቅ ይጠበቅበታል፤ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ይቀራሉ፣ መናጡም ይቆማል።

ብርድ ለፕላትሌት እንደማይስማማ ተመራማሪዎቹ መርፊና ጋርድነር ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ፍሪጅ ያደረ ፕላትሌት ጠፍጣፋነቱን አጥቶ ይድቦለቦላል፣ ታማሚው ውስጥ ሲገባም ቶሎ ከዝውውር ይወጣል። ሲዲ62ፒውም ከፍ ብሎ ይገኛል። ታዲያ ይጣል? ኬሞቴራፒ ለሚወስድ ሕፃን፣ ፕላትሌቱ ለቀናት እንዲዞርለት ለሚፈለገው፣ አይሆንም። ወልዳ እየደማች ላለች እናት ግን የነቃው ፈጥኖ ይጣበቃል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2023 ለሚደማ ታካሚ በብርድ የተቀመጠ ፕላትሌት እስከ 14 ቀን እንዲያገለግል መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ «40 በመቶ ነቅቷል» የሚል ውጤት ታካሚው ማን እንደሆነ ካልተነገረኝ ለእኔ ግማሽ ወሬ ነው። የተመራማሪው ማይክልሰን ቡድንም እ.ኤ.አ. በ1996 በዝንጀሮዎች እንዳሳየው፣ የነቃ ፕላትሌት ደም ውስጥ ሲመለስ ፒ-ሴሌክቲኑን ከገጹ አራግፎ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

ሳይቶሜትር በሌለበት ደግሞ ዓይን አለ። ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ነው። ጠፍጣፋዎቹ ጤነኞች ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ብልጭ ድርግም እያሉ ይሞገዳሉ፤ የተድቦለቦሉት ድፍርስ ሆነው ይቀራሉ። ይህ ፈተና ከባድ ጉዳትን ይይዛል፣ ጅምሩን ግን አያይም፤ ለዚያ ነው ማሽኑን የምንፈልገው። እኔ ግን ከረጢት ሲመጣልኝ ሌዘሩ እስኪሞቅ ድረስ የመንገዱን የሙቀት መዝገብ እጠይቃለሁ። መዝገብ ከሌለው እለካዋለሁ፤ ውጤቱን ግን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አላስገባውም።