«ውሃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ለምን አይበቃም?

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ትምህርት ቤታችሁ ውሃ አለው? ብዙዎቻችሁ «አዎ» ትላላችሁ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ ወዲያው «በፈረቃ ነው እንጂ!» ብላችሁ ትጨምሩ ይሆናል። የዛሬው ትችታችን እዚችው ጭማሪ ላይ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች ይዘውት በሚዞሩት ቅጽ ላይ ለእሷ የሚሆን ቦታ ብዙ ጊዜ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የውሃና የንጽህና አገልግሎትን የሚከታተሉበት የጋራ ፕሮግራም አላቸው። በፕሮግራሙ መለኪያ አንድ ጤና ተቋም «መሠረታዊ የውሃ አገልግሎት አለው» የሚባለው፣ እንደ ቧንቧ ወይም የተጠበቀ ጉድጓድ ካለ ምንጭ የሚመጣ ውሃ በግቢው ውስጥ ሲገኝ ነው። ጠያቂው የሚያጣራው በሄደበት ቀን ውሃ መኖሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሪፖርት በዚህ መለኪያ ከአራት ጤና ተቋማት አንዱ መሠረታዊ አገልግሎት እንደሌለው አሳይቷል።

ቁጥሩ ጠቃሚ ነው። አገርን ከአገር ለማወዳደር አጭርና ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት የሆነ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ መለኪያው ለዚህ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ «አለ» ወይም «የለም» ይዘን ለአደጋ ጊዜ ዕቅድ ስናወጣ ነው። ዕቅድ አውጪው ማወቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ መብራት ቢጠፋ ወይም ቧንቧው ቢደርቅ ለስንት ሰዓት እንቆያለን?

ጥያቄው ሲቀየር መልሱ ምን ያህል እንደሚቀየር ከኤሌክትሪክ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ባንክና ከሌሎች ጋር ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ምንም ኤሌክትሪክ የሌላቸው ጤና ተቋማት 15 በመቶ ናቸው። ይሄን ብቻ ያነበበ ሰው «ቀሪው 85 በመቶ ደህና ነው» ሊል ይችላል። ግን እዚያው ሪፖርት ላይ፣ ከጤና ተቋማት ሁሉ ይሻላሉ ከሚባሉት ከሆስፒታሎቹ እንኳ አስተማማኝ ኤሌክትሪክ ያላቸው ግማሾቹ ብቻ ናቸው።

አሁን አብረን እናስላ። አንድ ጤና ጣቢያ አለ እንበል። መሬት ላይ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሌላ ሮቶ አለው። በቀን 4,000 ሊትር ይጠቀማል። ቅጹ ላይ «ማጠራቀሚያ፦ 12,000 ሊትር» ተብሎ ይሞላል። ለ4,000 ስናካፍለው ሦስት ቀን ይሆናል፤ ጥሩ ነው!

ግን ውሃውን ከታችኛው ሮቶ ወደ ላይኛው የሚያወጣው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነው። ጄኔሬተር አለ፤ ቅጹም ላይ «አለ» ተብሏል። ሆኖም የጄኔሬተሩ መስመር ወደ ማዋለጃ ክፍልና ወደ ክትባት ማቀዝቀዣ ብቻ ነው የተዘረጋው፤ ፓምፑ ጋ አይደርስም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በቧንቧ የሚወርደው የላይኛው 2,000 ሊትር ብቻ ነው። ሦስት ቀን የተባለው ግማሽ ቀን ሆነ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ቅጹ ላይ አንድም ውሸት አልተጻፈም። ያልተጻፈው አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደተያያዘ ነው።

ይሄ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን ሲመታ፣ የቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ፤ ጎርፍ አይደርስባቸውም። ነዳጅ የሚልክላቸው ፓምፕ ግን ምድር ቤት ነበር፣ እሱም በውሃ ተጥለቀለቀ። ሰዎች በደረጃው ላይ ተሰልፈው ነዳጅ እየተቀባበሉ እስከ 13ኛ ፎቅ አወጡ። በመጨረሻም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ወደ ሌላ ቦታ መወሰድ ነበረባቸው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ ሰንሰለቱ ከግቢ አጥር አልፎ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ኃይል ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ውሃ ሲቀንስ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፕ ይቆማል። ውሃን በአንድ ቅጽ፣ ኤሌክትሪክን በሌላ ቅጽ፣ በተለያየ ወር መሰብሰብ ይህን ግንኙነት ይደብቀዋል።

«ጥያቄ በበዛ ቁጥር ማን ይሞላዋል?» የሚል ካለ ልክ ነው። ረጅም ቅጽ ይሰለቻል፤ ሰው ሲሰለች ደግሞ በግምት ይሞላል። እኔ የምለው ቅጹ ይርዘም አይደለም፣ ጥያቄዎቹ ይቀየሩ ነው። «ጄኔሬተር አለ?» በሚለው ፋንታ «ባለው ነዳጅ ለስንት ሰዓት ይሠራል? መስመሩ የት የት ይደርሳል?» ይባል። «ማጠራቀሚያ አለ?» በሚለው ፋንታ «ያለ መብራት ስንት ሊትር ይወርዳል?» ይባል። መብራትና ውሃ የጠፉበትን ሰዓት በር ላይ በተንጠለጠለ ደብተር መመዝገብም ብዙ ወጪ የለውም። የሦስት ወር መዝገብ ከአንድ ቀን ጉብኝት የበለጠ ይናገራል።

ይሄን ለመሞከር የማንም ፈቃድ የማያስፈልጋችሁ ቦታ አለ፤ ቤታችሁ። ቧንቧውን ከመክፈቻው ጀምራችሁ እስከ ሮቶው፣ ከሮቶው እስከ ፓምፑ፣ ከፓምፑ እስከ ማብሪያ ማጥፊያው ተከተሉትና ወረቀት ላይ ሣሉት። ከዚያ መብራቱን በእርሳስ ሰርዙትና ምን ምን እንደሚቆም እዩ። ጎረቤታችሁ ያለው ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ሥዕል ይኖረው ይሆን? ስትሄዱ ጠይቁ።