ጊዜ ሲተርፈኝ

ባለፈው እሁድ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩላችሁ። ቡናው እስኪፈላ ዐይኔን ወደ ቡፌው ወርወር ሳደርግ ከብርጭቆዎቹ ኋላ አሥር የሚሆኑ መጻሕፍት ተደርድረዋል። አንዱን ሳብ አድርጌ ስገልጠው ገጽ 14 ላይ የባንክ ደረሰኝ እንደ ምልክት ተሰክቷል። ደረሰኙ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።

“ይሄ ነገር እንዴት ነው?” አልኩት።

“ተወኝ እባክህ፤ ጊዜ ሲተርፈኝ እጨርሰዋለሁ” አለኝ።

ልስቅበት ዳድቶኝ ነበር። ግን እኔስ? ማታ ቤቴ ስገባ ራስጌዬ ያለው መጽሐፍ ከባለፈው ክረምት ጀምሮ እዚያው ገጽ ላይ ተደፍቷል። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ክራርም አንዱ ክሩ ከተበጠሰ ሁለት ፋሲካ አልፎታል። በጎረምሳነቴ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የምደረድረው፣ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ክራር ነበር። አሁን የአቧራ መኖሪያ ነው።

እናላችሁ፣ በራሴ ተናድጄ ለአንድ ሳምንት ጊዜዬ የት እንደሚገባ መመዝገብ ጀመርኩ። ውጤቱን ሳየው አፈርኩ። ስልኬ ራሱ ቆጥሮ የነገረኝ በቀን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። የእንግሊዝ ኳስ 90 ደቂቃ፣ ስለ ኳሱ መከራከሪያ ደግሞ ሌላ 90 ደቂቃ። ስድስት ሰዓት ተብሎ ስምንት ሰዓት የተጀመረ ሰርግም አለበት። የታክሲ ሰልፉንማ ተውት።

“ኑሮው ነው እንጂ!” የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ኑሮው አንገት አስደፍቶናል። መጽሐፍም ዋጋው እንደ ጤፉ ሆኗል። ሁለት ቦታ እየሠራ ወሩን የሚገፋ ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም። ግን ይቺን ነገር ስሰማ እናቴ ትዝ ትለኛለች።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ ፊደል አትለይም ነበር። ቀን እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ማታ ደብተሯን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ቀበሌ ትሄዳለች። ማንበብ ከቻለች በኋላም ሁላችን ከተኛን ኩራዟን አስጠግታ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አንዳንዴ ከእንቅልፌ ቀስቅሳ “አንተ፣ ይቺ ፊደል ማን ነች?” ትለኝ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በሬዲዮ ሲተርክ ደግሞ እንዝርቷን እያሾረች ታዳምጣለች። ያቺ ሴት ጊዜ ተርፏት ያውቃል? አንድም ቀን!

እሷ ከየት አመጣችው ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እናቴ ንባብን እንደ ቁም ነገር ይዛዋለች። እኛ ግን ቁም ነገር መሆኑን ረስተነዋል። መጽሐፍ ይዘን ተቀምጠን ስልክ ሲደወልና “ምን እየሠራህ ነው?” ስንባል ምንድን ነው የምንመልሰው? “ምንም!” እኮ ነው የምንለው። ልጃችን ልብ ወለድ ይዞ ብናገኘው “ትምህርትህን አታጠናም?” ብለን እንቆጣዋለን። መጽሐፍ ለፈተና ከሆነ ክቡር ነው፤ ፈተናው ሲያልቅ ግን ሥራ መፍታት ይሆናል። ታዲያ ዲግሪውን የጫነው ልጅ በማግስቱ መጽሐፍ ወርውሮ ስልኩ ላይ ሲደፋ ምን ያስገርማል? እኛው ነን ያስተማርነው።

በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ይብዛልን። ነገር ግን ቤት እንጂ ልማድ በሪባን ቆረጣ አይመረቅም።

እንግዲህ መላው ምንድን ነው? መላውን እቁባችን ውስጥ አገኘሁት። እቁብ ከተረፈ ገንዘብ የሚጣልበት ማን ሰምቶ ያውቃል? ከወር ወጪ የተረፈ ሳንቲም እስኪገኝ ብንጠብቅ አንድም ሰው ዕጣ ባልደረሰው። እቁብ ቀድሞ ነው የሚነሳው፤ ከዚያ ሌላው እንደምንም ይብቃቃል። የእድር ስብሰባም ቢሆን የምንሄደው ቅጣት ስላለው ነው። መጽሐፍ ግን ዳኛ የለው፣ ጸሐፊ የለው፣ ቅጣት የለው! ክራርም “ለምን ቀረህ?” ብሎ አይከስም። ዝም ብሎ አቧራውን ይጠጣል። ቅጣቱ የሚመጣው ኋላ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ከራሱ ጋር ብቻውን መቀመጥ የሚጨንቀው ሰው ስንት አለ!

እኔም የንባብ እቁብ ገባሁ። በቀን 10 ገጽ፣ ያውም ጠዋት ስልኬን ሳልነካ። ትንሽ ትመስላለች አይደል? በዚህ ሂሳብ በ1958 ዓ.ም. የታተመው “ፍቅር እስከ መቃብር” ከ500 ገጽ በላይ ሆኖ እንኳ ሁለት ወር አይፈጅም። ሁለት ቀን አጉድያለሁ፤ በማግስቱ 20 ገጽ ከፍያለሁ። ለክራሩም ክር ገዝቼለታለሁ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ልጆቹም “አባዬ፣ ኧረ ጆሯችን!” ይላሉ። ይበሉ።

ቅዳሜ ጠዋት የዕለቱን እቁቤን እየከፈልኩ ሳለ ያ ወዳጄ ደወለ።

“ምን እየሠራህ ነው?”

“ምንም” ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። “እያነበብኩ ነው” አልኩት ኮራ ብዬ።

“በቃ ሥራ ካልያዝክ ና እንገናኝ!”

ስምንት ገጽ ይቀረኛል፣ ጠብቅ ብዬ ዘጋሁት። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ሲደወልላችሁ እስቲ “ምንም” አትበሉ።

ቸር ያሰንብተን።