ፓምፑ ራሱ ይሥራ፤ ግን ዝም አይበል

የግራ ክንፉ ነዳጅ ሊያልቅ ነው፤ የቀኙ ግን ገና ሙሉ ነው። አብራሪዎቹ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

«ይሄማ ቀላል ነው! አንድ ፓምፕ፣ አንድ ሴንሰር፣ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር» ትሉ ይሆናል። አውሮፕላን በገዛ ጋራዣቸው የሚሠሩ ሰዎችም ይህንኑ ያስባሉ። ዋናው ታንከር ሲጎድል ሴንሰሩ ይናገራል፤ ፓምፑ ከመጠባበቂያው ታንከር ነዳጅ ይገፋል፤ ሲሞላ ይቆማል። አብራሪው ምንም አይነካም። ደስ ይላል አይደል? እስቲ ሐሳቡን እንፈትሸው።

ለሐሳቡ ማስረጃ የሚመስል አንድ አደጋ አለ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ-ኢዚ የተባለች፣ በግለሰብ የተሠራች አውሮፕላን ሲያበር ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። ታንከር መቀየሪያው እጀታ ከግራ ትከሻው ጀርባ ነበር። መርማሪዎቹ እንደደመደሙት፣ እጀታውን ለማዞር ሲታገል ትኩረቱ ተከፍሎ አውሮፕላኗን መቆጣጠር አቃተው። ልብ በሉ፤ በዋናው ንድፍ እጀታው የነበረው በአብራሪው እግሮች መካከል ነው፤ ቦታውን የቀየረው ሠሪው ነው። ስለዚህ ችግሩ ሥራው በእጅ መሠራቱ ሳይሆን እጅ በቀላሉ አለመድረሱ ነው። ኮምፒውተር ከመግዛታችን በፊት እጀታውን ወደ ቦታው እንመልስ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፦ ማሽኑ ሲሳሳት በምን እናውቃለን? ሴንሰሩ ተበላሽቶ «ጎድሏል» እንዳለ ቢቀር፣ ፓምፑ የሞላውን ታንከር መሙላቱን ይቀጥላል፤ ትርፉም በመተንፈሻው ቱቦ ወደ ውጭ ይፈሳል። ዋናው ታንከር ቢያፈስ ደግሞ ይብሳል፤ ፓምፑ የፈሰሰውን ስለሚተካ ጌጁ ሁሌ «ሙሉ ነው» ይላል። የሽንት ቤት ውኃ ሳጥን ሲያፈስ እንዲሁ ነው፤ እየተሞላ ስለሚቆይ ጉዱ የሚታወቀው ቢል ሲመጣ ነው። ሰማይ ላይ ግን ቢሉ የሚመጣው ሞተሩ ሲጠፋ ነው።

ይህ በትልቅ አውሮፕላን ላይም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን 306 ሰዎች ይዞ ይበር የነበረ የኤር ትራንሳት ኤርባስ በቀኝ ሞተሩ በኩል ነዳጅ ያፈስ ነበር። ከጭራው ታንከር ወደ ክንፎቹ በራሱ የሚተላለፈው ነዳጅ ጉድለቱን ለጊዜው ሸፈነው። አብራሪዎቹም ሚዛኑን ለማስተካከል መስመሩን ሲከፍቱ የግራው ነዳጅ በዚያው ቀዳዳ ፈሰሰ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አውሮፕላኑ ያለ ሞተር ተንሳፎ አዞረስ ደሴቶች ላይ አረፈ፤ ሁሉም ተረፉ።

ታዲያ ፓምፑ ይቅር? አይደለም። ፓምፑ የእጅን ሥራ ያግዝ፤ የዓይንን ሥራ ግን አይውሰድ። መጠባበቂያው 40 ሊትር ይዞ ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር የሚገፋ ከሆነ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚሠራበት ምክንያት የለም፤ ያኔ ቆሞ ይጩህ። በሠራ ቁጥር መብራት ይብራ። ማጥፊያውም እጅ የሚደርስበት ይሁን። ከሁሉም በላይ፣ ኮምፒውተሩ አንዱን ታንከር ብቻ ሳይሆን ድምሩን ይቁጠር።

በሉ እናንተም ቁጠሩ፦ በ100 ሊትር ተነሣችሁ፤ ሞተሩ በሰዓት 30 ሊትር ይበላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዋናው ታንከር ሙሉ ነው፤ የሁሉም ድምር ግን 30 ሊትር ነው። ጉዞውን ትቀጥላላችሁ ወይስ የምታርፉበት ሜዳ ትፈልጋላችሁ?