የማንን ሥራ ነው የሰማነው?

የሙዚቃ ሬዲዮ በዘፈን ብዛት ከዩቲዩብ ጋር አይፎካከርም፤ እሱ አልቋል። ስልኬ የወደድኩትን የሚመስል ሌላ ዘፈን በሰከንድ ያመጣልኛል። ታዲያ ሬዲዮ ለምን እከፍታለሁ? ለአዘጋጁ ብዬ ነው፤ ያውም ሥራውን ከሠራ።

በእኛ በሶፍትዌር ሰዎች ሙያ «ሜታዳታ» የሚባል ነገር አለ፤ ስለ ፋይሉ የሚናገር መረጃ ማለት ነው። በካሴት ዘመን ይሄ ሽፋኑ ላይ ይታተም ነበር፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ካሴቱ ወደ ኤምፒስሪ ሲገለበጥ የተረፈው የዘፋኙ ስም ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ፊደሉ ተሳስቶ። የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» የሰማ ሁሉ ቴዲን ያውቃል፤ የኢዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» የሰማም ኢዮብን። አንድ አዘጋጅ ከሁለቱ አንዳንድ ዘፈን አከታትሎ አሰምቶኝ «አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ነው» ቢለኝ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም በሌላ ጆሮ ነው የምሰማቸው። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። የአቀናባሪ ስም በአየር ላይ የሚደጋገመው እንዲህ ባለ ሰሞን መሆኑ ያናድደኛል።

ትዝታን ማህሙድ አህመድም፣ በዛወርቅ አስፋውም፣ አስቴር አወቀም ተጫውተውታል። ሦስቱን በተከታታይ አሰሙን። ትዝታ እንደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሁሉ የቅኝት ስም መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጉልን። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለዚህ ስፖንሰር ይጠፋል?

ባለፈው ግን አንድ ጣቢያ ላይ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ከቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ሥር ሰማሁት። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው «ቅድመ ክፍያ» ሲያጅብ! ስሙንም የጠራ የለም። ዘፈን መግቢያ ላይ ማውራት፣ የዜና ሰዓት ደረሰ ብሎ መሃል ላይ መቁረጥ፣ ሁሉም የዚያው ንቀት ዘመድ ናቸው።

የዘፈን ምርጫ ፕሮግራምን ግን አትንኩብኝ። «ለእናቴ፣ ለአክስቴ፣ ለጎረቤቶቻችን በሙሉ» የሚለው ዝርዝር ጓደኞቼን ያሰለቻቸዋል። እኔ ደግሞ ከሙሉ ፕሮግራሙ ለአድማጭ ተብሎ የተሠራው እሱ ብቻ የሚሆንበት ቀን አለ እላለሁ። ዘፈኑን እናትየው መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ስሟ ተጠርቶ ግን ጎረቤት «ዛሬ በሬዲዮ ሰማንሽ» የሚላት በዚያ ቀን ነው።