እውነት የተናገሩት ለምን ተቀጡ? የተውባህ ሱራ 119ኛው አንቀጽና የከዕብ ኢብን ማሊክ ምስክርነት

የቁርኣን 9ኛ ሱራ፣ አት-ተውባህ፣ በ119ኛው አንቀጹ አማኞችን ሁለት ነገር ያዛል፤ አላህን እንዲፈሩና ከእውነተኞች ጋር እንዲሆኑ። አንቀጹ አጭር በመሆኑ ብዙ ጊዜ ከቦታው ተነጥሎ ስለ ውሸት ክፋት ለሚሰጥ ምክር ማጠናከሪያ ይሆናል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን አንቀጹ ከፊቱ ካለው፣ የሦስት ሰዎች ንስሐ መቀበሉን ከሚናገረው ከ118ኛው ጋር ሲነበብ የሚያነሣው ጥያቄ ከበድ ይላል፤ የዋሹት በነጻ ተሰናብተው እውነት የተናገሩት ለምን ተቀጡ?

ነገሩ የሚጀምረው በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ (630 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ነው። ወቅቱ ሐሩር፣ መንገዱ ሩቅ፣ የመዲና ፍሬም የደረሰበት ጊዜ ነበር። የዘማቹ ብዛት በመዝገብ ስላልተያዘ፣ የቀረ ሰው ወሕይ ካላጋለጠው በቀር ማንም አያውቅብኝም ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር። ከቀሩት አንዱ የኸዝረጅ ጎሣ ተወላጁ ገጣሚ ከዕብ ኢብን ማሊክ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ረጅም ሐዲስ ራሱ እንደሚተርከው፣ የሚያሳብብበት ነገር አልነበረውም። እንደዚያን ጊዜ ጠንካራና ባለጸጋ ሆኖ አያውቅም፤ ሁለት የመጓጓዣ ግመል በአንድ ጊዜ የነበረውም ያኔ ብቻ ነው። ዛሬ እሰናዳለሁ፣ ነገ እደርስባቸዋለሁ ሲል ሠራዊቱ ርቆት ሄደ።

ነቢዩ ሲመለሱ ከሰማንያ የሚበልጡ ሰዎች እየማሉ ምክንያታቸውን ደረደሩ። እሳቸውም በአፋቸው የተናገሩትን ተቀብለው፣ ምሕረት ለምነውላቸው፣ የልባቸውን ለአላህ ተዉት። በክርክር ማንንም መርታት የሚችለው ከዕብ ግን ሰበብ እንደሌለው ተናገረ። ሙራራ ኢብን አር-ረቢዕና ሂላል ኢብን ኡመያም እንዲሁ አደረጉ። ወዲያው ማንም ሰው ሦስቱን እንዳያናግር ታዘዘ። በ40ኛው ቀን ደግሞ ከሚስቶቻቸው እንዲርቁ ተነገራቸው። ከዕብ አብልጦ የሚወደውን የአጎቱን ልጅ አቡ ቀታዳን ፍለጋ የአትክልቱን አጥር ዘሎ ገብቶ ሰላምታ ቢያቀርብም መልስ አላገኘም። ይህ እስከ 50ኛው ሌሊት ዘለቀ።

የቅጣቱ ምስጢር ያለው በሁለቱ ወገኖች አያያዝ ልዩነት ውስጥ ይመስለኛል። ዋሾዎቹ የተሰጣቸው የጠየቁት ብቻ ነው፤ ቃላቸው በቃል ተመለሰላቸው፣ ጉዳያቸውም ተዘጋ። ኋላ የወረደው ወሕይ (በዚሁ ሱራ 95ኛና 96ኛ አንቀጾች) ስለ እነሱ የተናገረው ግን እጅግ ከባድ ነው። ከሦስቱ ጋር የተያዘው ጉዳይ በአንጻሩ ክፍት ሆኖ ቆየ። ሰው የሚገሥጸው የእኔ የሚለውን ነው፤ ዝምታው ቢያቆስልም ሦስቱ ገና ከማኅበሩ እንዳልወጡ የሚመሰክር ነበር። ከዕብም ይህን የተረዳ ይመስላል። የገሳን ንጉሥ በችግሩ ሰዓት ደብዳቤ ልኮ ወደ እኔ ና፣ እናከብርሃለን ሲለው፣ ግብዣውን እንደ ሌላ ፈተና ቆጥሮ ደብዳቤውን እምድጃ ውስጥ ከተተው። ከሚያከብረው ባዕድ ይልቅ የሚቀጣውን ወገን መረጠ።

ታዲያ አብረናቸው እንድንሆን የታዘዝነው እውነተኞች እነማን ናቸው? በዚህ ላይ የተፍሲር ሊቃውንት ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ ነቢዩና ሶሓቦቻቸው ናቸው ሲሉ፣ የሺዓ ሊቃውንት ኢማሞቹ ናቸው ይላሉ። በ606 ዓመተ ሂጅራ የሞተው ፈኽሩ-ዲን አር-ራዚ ደግሞ ትእዛዙ በየዘመኑ እውነተኞች መኖራቸውን ግድ ይላል በማለት ከአንቀጹ ለኢጅማዕ፣ ማለትም ለኡማው ስምምነት፣ ማስረጃ ያወጣል። እነዚህ ንባቦች በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰፊ ቢሆንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ እውነተኛውን የሚፈልጉት ሥልጣን ካለበት ቦታ ነው። ከዕብ ግን አንቀጹን ከራሱ ታሪክ ጋር አያይዞ ይተርከዋል፤ ስለ ንስሐቸው የወረደው ቃል በዚህ ትእዛዝ እንደሚያበቃ ይናገራል። አንዳንድ ሙፈሲሮችም እውነተኞቹ እነዚሁ ሦስቱ ናቸው የሚል አስተያየት አስፍረዋል። በዚህ ንባብ ትእዛዙ ፊቱን ወደ ማኅበሩ ያዞራል። እስከ ትናንት ሰላምታ የተነፈጉት ሰዎች ዛሬ አርአያ ሆነው ቀረቡ፤ ጥፋታቸው ሳይካድ እውነታቸው ከፍ አለ።

ይህን ታሪክ ይዞ ማንኛውም ጀማዓ ያስቀየመውን ሰው ማግለል ይችላል የሚል ቢነሣ ግን ስቶታል። የመዲናው ዝምታ በወሕይ የሚጠበቅ፣ በወሕይም የተፈታ ልዩ ፍርድ ነበር። ሽማግሌው ሂላል ያለ ረዳት እንዳይቀር ሚስቱ እንድታገለግለው ተፈቅዶላታል። ከዕብ ከሕዝብ ጋር መስገድ፣ ገበያ መውጣት አልተከለከለም። ንስሐው መቀበሉ ሲታወቅ ሰዎች ምሥራቹን ሊያደርሱለት ተሽቀዳደሙ፤ መስጊድ ሲገባም ጠልሐ ኢብን ዑበይዱላህ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እየሮጠ ተቀበለው። መመለሻ መንገድ የሌለው ማግለል በዚህ ታሪክ ሊጠቀስ አይችልም።

ምስክርነቱን ልዩ የሚያደርገው ሌላው ነገር የተራኪው ማንነት ነው። ከዕብ በስተርጅና ዓይኑ ከታወረ በኋላ እጁን ይዞ ይመራው የነበረው ልጁ ዐብዱላህ ታሪኩን ከአባቱ አፍ ሰምቶ አስተላለፈ። አባትየው ስንፍናውን አላለዘበም፤ ከኢስላም በኋላ አላህ ከዋለለት ውለታ ሁሉ ያን ቀን እውነት መናገሩን ያስበልጥ ነበር። ስለዚህ አንቀጹ ከግለሰቡ የሚጠይቀው ሰበብ አልባ ኑዛዜን ከሆነ፣ ከማኅበሩ የሚጠይቀው ደግሞ ይህን የሚሸከም ትከሻን ነው። ጥፋቱን ያመነ ዕድሜ ልኩን የሚሸማቀቅበት፣ የማለ ግን ተከብሮ የሚኖርበት ሰፈር ልጆቹን ስለ እውነት ቢያስተምርም በተግባር የሚያለማምዳቸው መሐላን ነው።