ንብርብር ወይስ ገጽ? በአንድ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ
ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲን በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር በሁለት ዲስኮች ላይ ስለ መክፈል የተዘጋጀ አንድ የትርጉም መመሪያ መርምረናል። ተርጓሚው «ባለ ሁለት ገጽ» ማለታቸውን አንቀበልም። ባለ ሁለት ገጽ ዲስክ ሌላ ነው፤ ተገልብጦ ይነበባል። ንብርብሮቹ ግን በአንድ ገጽ ተደራርበው የሚገኙ ሲሆኑ፣ የሌዘሩ ጨረር ትኩረቱን እየለወጠ ሁለቱንም ያነባል። ቃሉን አምኖ ዲስኩን የሚገለብጥ ሰው የሚያገኘው የስም ጽሑፉን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት መክፈልን «መጭመቅ» ማለት ነው። እስከ 8.5 ጊጋባይት የሚደርሰውን ይዘት 4.7 ጊጋባይት በሚይዝ አንድ ዲስክ ለማግባት መጭመቅ የምስሉን ጥራት ይቀንሳል፤ ለሁለት መክፈል ግን ጥራቱን ይጠብቃል። ስለዚህ «ባለ ሁለት ንብርብር» እና «ለሁለት መክፈል» የሚሉት እንዲጸኑ ሐሳብ እናቀርባለን።